ዐይንና ፍርድ፤ በጎልማሳነት ንድፍ ስለ መማር

ሰው ጎልማሳነቱን ካጋመሰ በኋላ ንድፍ ልማር ብሎ እርሳስ ቢያነሣ ምን ያተርፋል? ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከጥቅም አንጻር ነው፤ ሠዓሊ ይሆናል ወይስ አይሆንም? በእኔ አስተያየት ግን ከዚህ የሚቀድም የግብረ ገብ ጥያቄ አለ። ይኸውም፣ ሰው አብሮት የሚኖረውን ሰው በእውነት አይቶት ያውቃልን? የሚል ነው።

ዕድሜ ብቻውን መሰናክል አለመሆኑን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። በ1971 ዓ.ም. በአገራችን በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ እናቶችና አባቶች እርሳስ የጨበጡት ፀጉራቸው ከሸበተ በኋላ ነበር። በሥዕሉም ዓለም ሆላንዳዊው ቪንሰንት ቫን ጎግ ሠዓሊ ለመሆን የቆረጠው እ.ኤ.አ. በ1880፣ በ27 ዓመቱ፣ የሥዕል ንግድን፣ መምህርነትንና ሰባኪነትን ሞክሮ ከተወ በኋላ ነው። የሻርል ባርግን የንድፍ መማሪያ ሥዕሎች እንደ ጀማሪ ተማሪ እየደጋገመ ቀዳ። በ1882 ደግሞ የነገሮችን መጠንና ርቀት የሚለይበት፣ ክር የተወጠረበት ክፈፍ አሠራ። ዐይኑን ብቻ ማመን እንደማይበቃው ተረድቶ ነበር ማለት ነው።

የጎልማሳ ጀማሪ ችግር እጁ አይደለም፤ ስሙን አሳምሮ የሚፈርም እጅ መሥመር ለማስመር አያንስም። የሚያሰናክለው ዕውቀቱ ነው። የስኒ አፍ ክብ መሆኑን ስለሚያውቅ ክብ አድርጎ ይነድፈዋል፤ ከተቀመጠበት ሆኖ የሚያየው ግን ጠፍጠፍ ያለ ሞላላ ነው። ፊት ሲነድፍ ዐይኖቹን ወደ ግንባር ያስጠጋል፤ ቢለካ ግን ዐይን የሚገኘው ከአናት እስከ አገጭ ባለው ርቀት እኩሌታ ገደማ ነው። ዐይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል ይባላል። በጀማሪው ወረቀት ላይ የሚታየው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ልብ አስቀድሞ ይፈርዳል፣ ዐይንም ተከትሎ ፍርዱን ያጸናል።

እኔ ይህን የተረዳሁት በ43 ዓመቴ፣ አባቴን ለመንደፍ በሞከርሁ ጊዜ ነው። አባቴን ቁጡ ሰው አድርጌ ነበር የማውቃቸው። ስለዚህ ገና ቀና ብዬ ሳላያቸው በግንባራቸው ላይ የቁጣ መሥመር አሰመርሁ። ፊቱ ግን አልመስል አለ። በላጲስ አጥፍቼ እንደገና ስመለከት፣ ቅንድባቸው የሚሰበሰበው ወደ እኔ ባዩ ጊዜ ሁሉ ሆኖ አገኘሁት። «አባባ፣ ምን አስቀየምሁዎ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ኧረ ምንም፤ የምትሠራው አልታይ ብሎኝ ነው» አሉ። ከዚያ ግንባር ሸሽቼ ጨዋታ ያቋረጥሁባቸው ምሽቶች ብዙ ናቸው። ከእነዚያ ምሽቶች ስንቱ የእውነት ቁጣ፣ ስንቱ የደከመ ዐይን እንደነበረ ዛሬ ልለይ አልችልም። ላጲስ የሚያጠፋው የወረቀቱን መሥመር ብቻ ነው።

በዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዐይን ይሣላሉ፤ ኃጥአንና አጋንንት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በጎን፣ በአንድ ዐይን ይሣላሉ። ሠዓሊው ያስቀመጠው ያየውን ሳይሆን የሚያውቀውን ነው፤ ሥራው ግን ታላቅ ሥራ ነው። ታዲያ ዕውቀትን ከዐይን ማስቀደም ለምን ነውር ይሆናል? ነውር አይደለም። ሆኖም ያ ሠዓሊ የሚሠራው ሥርዐቱን ተምሮ፣ ትርጉሙን አውቆና መርጦ ነው። ጀማሪው ግን አልመረጠም፤ ያየ እየመሰለው በልማድ ይመራል። እኛም በየዕለቱ ኑሯችን ጎረቤታችንን፣ የሥራ ባልደረባችንን፣ ወላጃችንን ሳይቀር በችኮላ በጎን እየሣልን አንድ ዐይን እንነሣቸዋለን። ሁለተኛው ዐይን መኖሩን ለማረጋገጥ ዞር ብለን አናይም።

ስለዚህ በጎልማሳነት ንድፍ የሚማር ሰው ትርፉ በሚያንጠለጥለው ሥዕል ብዛት አይመዘንም። የእኔ ንድፍ ዛሬም ከመሳቢያ የሚወጣ አይደለም፤ አንደኛው ጆሮ ከሌላው ይበልጣል፣ አንገቱም ቀጥኗል። ግንባሩ ግን የአባቴ ግንባር ነው። ያንን መሥመር ለማግኘት አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ፊት ለፊታቸው ተቀምጫለሁ። ከዚያ በፊት ይህን ያህል ጊዜ አተኩሬ አይቻቸው አላውቅም ነበር።