ስለ ዳኛ ስሕተትና ስለ ቅጣት ልክ

በቋንቋችን በችሎት የሚቀመጠውም ሆነ ፊሽካ ይዞ በሜዳ የሚሮጠው በአንድ ስም «ዳኛ» ይባላሉ። አባቶቻችን ለዳኝነት ታላቅ አክብሮት ነበራቸው፤ ጠብ በጋለበት ስፍራ አንድ ሰው «በሕግ አምላክ!» ሲል የተነሣው ዱላ ባለበት ይቆም፥ የሚሸሸውም ከእርምጃው ይገታ ነበር። የሜዳው ዳኛ ግን ከዚህ አክብሮት ድርሻውን ያገኘ አይመስልም። አንዲት የእጅ ውርወራ አሳስቶ ቢሰጥ ይሰደባል፤ ከጨዋታ ውጪ የነበረውን ተጫዋች ሳያይ ቢያልፍ «ተገዝቷል» ይባላል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ እናነሣለን፦ ሰው በቅን ልቡና እየዳኘ ለሠራው ትንሽ ስሕተት የሚቀበለው ቅጣት ከጥፋቱ ጋር ይመዛዘናልን?

ጥያቄው ከመዝናኛ ወሬ ያለፈ መሆኑን በሀገራችን የደረሰ አንድ ነገር ያስረዳል። ሚያዝያ 22 ቀን 2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ መከላከያና ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ ሲጫወቱ፥ ስለ አንዲት ግብ በተነሣ ክርክር ዳኛ ኢያሱ ፈንቴ በሜዳ ውስጥ ተባርረው ተመቱ። በዚህም ምክንያት ሊጉ ለጊዜው ተቋረጠ። ግቧ በትክክል ጸድቃ ይሁን በስሕተት ለያዝነው ነገር ለውጥ አያመጣም፤ ዳኛው ተሳስተው ቢሆን እንኳ የስሕተት ዋጋ ዱላ ሊሆን አይገባውምና።

ይሁን እንጂ ነገሩን በአንድ ወገን ብቻ መመልከት አይገባም። ዓመቱን ሙሉ የለፋ ቡድን በአንድ የተሳሳተ ፊሽካ ድካሙን ሊያጣ ይችላል፤ ለእርሱ ስሕተቱ ትንሽ አይደለም። «ሰው ነውና ይሳሳታል» ብለን ብቻ ብናልፈው የተጎዳውን ወገን እንበድላለን። የተበደለውን የምትረሳ ምሕረት እውነተኛ ምሕረት አትባልም። እንግዲህ ዳኛ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ የሚያከራክረው የሚጠየቅበት ሚዛን ነው።

ሚዛኑን ቤተ ክርስቲያን በራሷ ሕግ ታሳየናለች። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1983 ዓ.ም. ያወጁት የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና በቁጥር 1414 እንደሚያስተምረው፥ ሰው ለቅጣት የሚበቃው ሕግን ሆን ብሎ ሲጥስ፥ ወይም ማድረግ የሚገባውን ጥንቃቄ በከባድ ቸልተኝነት ሲተው፥ ወይም ማወቅ የሚገባውን በከባድ ጥፋት ሳያውቅ ሲቀር ነው። ይህ ስለ ኳስ እንዳልተጻፈ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ከእጅ ሥራ በፊት ልብን እንድንመረምር የሚያስተምር በመሆኑ ለሜዳም ይጠቅማል።

ሁለት ምሳሌዎችን እንመልከት። በ2009 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካና ሴኔጋል ባደረጉት የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ጨዋታ ጋናዊው ዳኛ ጆሴፍ ላምፕቴይ፥ ኳስ ጉልበቱን የነካችውን ተከላካይ «በእጁ ነካ» ብለው ፍጹም ቅጣት ምት ሰጡ። ፊፋ ነገሩን መርምሮ የጨዋታን ውጤት በማዛባት ጥፋተኛ አላቸው፤ ዕድሜ ልካቸውንም አገዳቸው፤ ጨዋታውም በ2010 ዓ.ም. ተደገመ። በአንጻሩ ጥር 4 ቀን 2014 ዓ.ም. በካሜሩን በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ የቱኒዚያንና የማሊን ጨዋታ የመሩት ዛምቢያዊው ጃኒ ሲካዝዌ 90 ደቂቃው ሳይሞላ የመጨረሻውን ፊሽካ ነፉ። ብዙ ሰው ተሣለቀባቸው። በኋላ ግን የቀኑ ሙቀት ክፉኛ ጎድቷቸው ለሕይወታቸው አስጊ እንደ ነበረ ተናገሩ። የመጀመሪያው ጥፋት ከፈቃድ የመጣ ሆኖ ተገኘ፤ የሁለተኛው ምንጭ የሥጋ ድካም ነበረ። ከተመልካች መቀመጫ ሆኖ ለሚጮኽ ሰው ግን ሁለቱ ልዩነት የላቸውም። ሳንመረምር የምንፈርድበት አደጋም ይኸው ነው።

ያው ሕገ ቀኖና በቁጥር 1401 ቅጣት ቁስልን ለመፈወስ የሚሰጥ መሆኑን ይናገራል፤ ያጠፋው ሰው ወደ ተስፋ መቁረጥ እንዳይገፋ፥ ሕግም እንዳይናቅ ሁለቱንም ይጠብቃል። በዚያው የአፍሪካ ዋንጫ ጥር 25 ቀን በያውንዴ ቡርኪና ፋሶና ሴኔጋል ያደረጉትን የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ የመሩት የሀገራችን ሰው ባምላክ ተሰማ ነበሩ። በመጀመሪያው አጋማሽ ለሴኔጋል ሁለት ጊዜ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጡ፤ ሁለቱም ውሳኔዎች በቪዲዮ ረዳት ዳኞች እገዛ እንደገና ታይተው ተሻሩ። ጨዋታው ቀጠለ፤ ሴኔጋልም 3 ለ 1 አሸነፈ። ሊጎዳ የነበረው ወገን መብቱን አገኘ፤ ዳኛውም በመታረማቸው አልተዋረዱም። ስሕተት ለሚደጋግም ዳኛም ለጥቂት ጨዋታ ማረፍ፥ ሕጉን እንደገና ማጥናት፥ በዝቅተኛ ውድድር መለማመድ የሚገቡ ቅጣቶች ናቸው፤ ሰውየውን ሳይሰብሩ ሥራውን ያቃናሉና።

በቁይም ሆነ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉ መንደሮች፥ ወጣቶቻችን በሚጫወቱበት ሜዳ ምስል የሚደግም መሣሪያ የለም። ፊሽካውን የሚይዘው ብዙ ጊዜ የምናውቀው መምህር ወይም ጎረቤት ነው፤ በማግስቱ በገበያ፥ በለቅሶ ቤት፥ በዕድር እንገናኛለን። በልጆቹ ፊት የተሰደበ ሰው ፊሽካውን ቢያስቀምጥ ሊፈረድበት አይገባም፤ ዳኛ ያጣ ጨዋታም ወደ ጠብ ለመለወጥ ሩቅ አይደለም። ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ወጣቶችን ሲያሰባስቡ፥ ቅሬታ በአምበሉ በኩል ከጨዋታው በኋላ በትሕትና እንዲቀርብ፥ ማስረጃ ሳይኖር ማንም ሰው «ጉቦ በላ» እንዳይባል ሊያስተምሩ ይገባል። በሜዳው ዳር የቆሙ ሕፃናት የእኛን ጩኸት ሰምተው ያንኑ ይማራሉ።

ጌታችን በምሳሌ እንዳስተማረን፥ እጅግ ብዙ ዕዳ የተተወለት አገልጋይ በጥቂት ገንዘብ ምክንያት ባልንጀራውን አንቆ ያዘ። እኛም እሑድ ጠዋት በቅዳሴ ምሕረትን ለምነን፥ ከቀትር በኋላ በአንዲት የተሳሳተች ፊሽካ ወንድማችንን የምናንቅ እንዳንሆን እንጠንቀቅ። ጥፋቱ ከባድ ከሆነ የሚመለከተው አካል መርምሮ ይቅጣው፤ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ጨዋታው ሲያልቅ ሄደን እጁን እንጨብጠው።