መትከልና መጠበቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እግዚአብሔር አዳምን በፈጠረው ጊዜ በምድረ በዳ አልተወውም፤ ገነትን ተክሎ በዚያ አኖረው። ያኖረው ግን እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥባት አልነበረም። ሁለት ሥራ ሰጠው፤ አንደኛው ማበጀት፣ ሁለተኛው መጠበቅ ነው (ዘፍ. 2፥15)። እኛ ወጣቶች የመጀመሪያውን ሥራ እንወደዋለን። ከበሮ ይዘን፣ እየዘመርን፣ በብዙ ሰው ፊት ችግኝ ስንተክል ደስ ይለናል። ሁለተኛው ሥራ ግን ማንም ሳያየን በበጋ ፀሐይ ውኃ ተሸክመን የምንፈጽመው ስለሆነ ይከብደናል። ዛሬ ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ሥራ፣ በደብራችን በእኛው በራሳችን ከደረሰው ተነሥተን ልንጽፍላችሁ ወደድን።

ካቻምና በሰኔ ወር መጨረሻ በቤተ ክርስቲያናችን ዐጸድ ውስጥ 60 የጽድ፣ የወይራና የኮሶ ችግኞች ተከልን። ዘመርን፣ ጸበል ጻዲቅ ቀመስን፣ ወደየቤታችን ሄድን። ክረምቱ አለፈ፣ በጋውም ገባ። በሚያዝያ ወር የኔታ ጠሩንና «ልጆቼ፣ የተከላችሁትን ቆጥራችሁ ንገሩኝ» አሉን። ቆጠርን። የቆሙት 9 ብቻ ነበሩ። የደረቁትን ብንነቅላቸው ሥራቸው ከነፕላስቲኩ የተቀበሩ አገኘን። ብዙዎቹ ደግሞ ጫፋቸው ተቀንጥቦ ነበር። «ይህን የበላው የማን ፍየል ነው?» ብለው የኔታ ጠየቁን። ሁላችንም ዝም አልን፤ ፍየሎቹ የየቤታችን ነበሩና።

ያን ጊዜ ከመካከላችን አንዳንዶቻችን ሌላ ሐሳብ አመጣን። በስተምዕራብ ባለው ባዶ ሜዳ ላይ ባሕር ዛፍ ብንተክል ቶሎ ያድጋል፣ ፍየል አይበላውም፣ በጥቂት ዓመት ሸጠን የሰንበት ትምህርት ቤቱን አዳራሽ ጣሪያ እናለብስበታለን አልን። ሐሳቡ ከክፋት የመጣ አልነበረም። አዳራሹ ያፈሳል፤ ሕፃናቱም ዝናብ በመጣ ቁጥር ትምህርታቸውን አቋርጠው ይበተናሉ። የኔታ አልተቆጡንም። «ኑ፣ አብረን እንዙር» ብለው ተነሡ፤ እኛም ተከተልናቸው።

በዚያ ቀን ሁልጊዜ የምናየውን ነገር እንደ አዲስ አየነው። ቤተ ክርስቲያናችን ክብ ነው። በመካከል መቅደሱ፣ ቀጥሎ ቅድስቱ፣ ከዚያም ቅኔ ማኅሌቱ ይገኛል። ከእርሱ ውጭ ታቦቱ በወጣ ጊዜ ሕዝቡ የሚዞርበት ክፍት ቦታ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ዛፎቹ፣ በመጨረሻም የድንጋይ ቅጽሩ ይመጣሉ። እኛ «ባዶ ሜዳ» ያልነው ስፍራ ባዶ አልነበረም፤ ካህናቱ በዑደት የሚቆሙበት፣ ሕዝቡ እልል የሚልበት ቦታ ነበር። ጥላ ያለበት ወይራ የቆመው ሽማግሌዎች ከሚቀመጡበት ዘንድ ነው። ከቤተ ልሔሙ አጠገብ ረጅም ዛፍ የሌለው ቅርንጫፍ እንዳይወድቅበት ነው። «አባቶቻችን በወረቀት ላይ አልሣሉትም፤ በምድር ላይ ሣሉት» አሉን የኔታ። «ዛፍ ያልነበረበት ዛፍ ብትተክሉ፣ ዛፍ የነበረበትንም ባዶ ብታስቀሩ፣ ሥዕሉን ፋቃችሁት ማለት ነው።»

ይህ የአንድ ደብር ነገር ብቻ አይደለም። ጎንደር የሚገኘውን ደብረ ብርሃን ሥላሴን እናስብ። ይህን ቤተ ክርስቲያን በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ያሠሩት ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ናቸው። በቅጽሩ ላይ ያሉት 12 ግንቦች የዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ምሳሌ ናቸው ይባላል፤ በውስጡም ጽዶች ቆመዋል። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲጠፉ ይህ ተረፈ። በትውፊት እንደሚነገረው ያተረፈው የንብ መንጋ ነው። ንብ ደግሞ ያለ አበባና ያለ ዛፍ አይኖርም። ወደዚያ የሚሄድ ሰው የጣሪያውን መላእክት አይቶ ይደነቃል፤ ይገባዋልም። ነገር ግን ወደ መላእክቱ ከመድረሱ በፊት በቅጽሩ በር ገብቶ በዛፎቹ ጥላ ሥር ማለፉን ልብ አይለውም። ሥዕሉ ቢደበዝዝ ሁሉም ይጮኻል፤ አንድ ጽድ ቢደርቅ ግን ማን ይጮኻል?

አባቶቻችን ዛፍ የሌለው ቤተ ክርስቲያን እርቃኑን እንደ ቆመ ሰው ነው ይላሉ። የዘመናችን ሊቃውንትም በሌላ መንገድ ሄደው ወደዚሁ ደርሰዋል። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ ጎንደር 28 የአብያተ ክርስቲያናት ደኖችን አጥንተው 168 ዓይነት እንጨትነት ያላቸውን ዕፅዋት አግኝተዋል። ከእነዚህም 100ዎቹ ዛፎች፣ 51ዱ ቍጥቋጦዎች፣ 17ቱ ሐረጎች ናቸው። በዙሪያው ያለው አገር ታርሶ ባለቀበት፣ አገር በቀሉ ዛፍ የቀረው በቅጽር ውስጥ ነው። ይኸው ጥናት የሚያስፈራም ነገር አሳይቷል። ከደኑ መሬት አፈር ተወስዶ ሲመረመር የአብዛኞቹ ዛፎች ዘር በአፈሩ ውስጥ ተኝቶ አልተገኘም። እንግዲህ ትልቁ ዛፍ አንድ ጊዜ ከጠፋ፣ ምድሪቱ ከጎተራዋ አውጥታ አትመልሰውም። ከዛፉ የረገፈው ዘር ሲበቅልም ከብት ከገባ ይበላዋል፣ ይረግጠዋል። ስለዚህ በአንዳንድ አጥቢያዎች ካህናቱና ሕዝቡ ከእርሻ የለቀሙትን ድንጋይ ክበው ደናቸውን አጥረዋል።

ጠቢቡ ሰሎሞን በሰነፍ ሰው እርሻ በኩል ባለፈ ጊዜ ያየው እሾኽ የወረሰውን መሬትና የፈረሰውን የድንጋይ ቅጥር ነው (ምሳ. 24፥30-31)። ያንን እርሻ ጠላት መጥቶ አላጠፋውም። ባለቤቱ ጥቂት ተኛ፣ ጥቂት አንቀላፋ፤ ይኸው ነው። የእኛም 51 ችግኞች የጠፉት እንዲሁ ነው።

የባሕር ዛፉን ነገር ስናስብ ደግሞ የናቡቴ ታሪክ ትዝ አለን (1ኛ ነገ. 21)። ንጉሡ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ የፈለገው ለክፉ ነገር አልነበረም፤ ለቤቱ ቅርብ ስለሆነ የአታክልት ቦታ ሊያደርገው ነው። ዋጋውንም እከፍላለሁ አለ። አታክልትም መልካም ነው፣ ገንዘብም መልካም ነው። ናቡቴ ግን የአባቶቹን ርስት በሚበልጥ ወይን እንኳ አልለወጠም። እኛም ባሕር ዛፍ ክፉ ነው አንልም፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገብቶ የስንቱን ቤት አቁሟል፣ የስንቱን ምድጃ አንድዷል። ጥያቄው ዛፉ መልካም ነው ወይስ ክፉ የሚል አይደለም፤ ቦታው የማን ነው የሚል ነው። በቅጽሩ ውስጥ ያለው ቦታ ከእኛ በፊት ለነበሩትና ከእኛ በኋላ ለሚመጡት የተሰጠ ስለሆነ፣ ለእኛ ጣሪያ ብለን ልንለውጠው አይገባንም።

ጌታችን በወንጌል ስለ አንዲት በለስ ሲያስተምር፣ ሦስት ዓመት ፍሬ ባጣ ጊዜ ጌታው ይቆርጣት ዘንድ አዘዘ። ሠራተኛው ግን ዙሪያዋን እስክኰተኵትላትና ፋንድያ እስካፈስባት ድረስ ዘንድሮም ተዋት ብሎ ለመነ (ሉቃ. 13፥6-9)። እኛም የኔታን እንዲህ ብለን ለመንን፤ «አንድ ክረምት ይስጡን።» ሰጡን፤ ነገር ግን በአራት ነገር አስማሉን።

አንደኛ፣ ከመትከላችን በፊት ያለውን እንድንቆጥር። በአንድ ደብተር ላይ ቤተ ክርስቲያኑን በመካከል አድርገን፣ እያንዳንዱን ትልቅ ዛፍ በቦታው ጻፍን። አንድ ዛፍ ቢወድቅ ምን እንደነበረና የት እንደነበረ ከእንግዲህ አይረሳም።

ሁለተኛ፣ በወደቀው ዛፍ ቦታ የዚያኑ ዓይነት ዛፍ፣ ከተቻለም ከዚያው ዐጸድ ዘር እንድንተካ። ጽድ ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ መሆኑን የተማርነው በዚህ ጊዜ ነው። ፍሬ የምንለቅመው ከሴቴዋ ነው፤ ወንዴው ባይኖር ግን ዘሩ መካን ይሆናል። የወይራም ፍሬ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ሽፋን ስላለው፣ ውስጡ ሳይጎዳ ቀስ ተብሎ ቢሰነጠቅ ቶሎ ይበቅላል።

ሦስተኛ፣ መጠበቅ የምንችለውን ያህል ብቻ እንድንተክል። ጉድጓዱን በግንቦት ቆፈርን፣ ዝናቡ በደንብ ሲይዝ ፕላስቲኩን አውልቀን 20 ችግኝ ብቻ ተከልን። ለእያንዳንዱ አንድ ጠባቂ ተመደበለት። በመስከረም አረሙን ነቀልን፣ በጥቅምት ሥሩን በደረቅ ሣር ጎዘጎዝን፣ በበጋው ቅዳሜ ቅዳሜ ውኃ አጠጣን።

አራተኛው ከሁሉም የከበደን ነው፤ ወደየቤታችን ሄደን ለአባትና ለእናቶቻችን «ፍየላችን ወደ ዐጸዱ እየገባች ነው፤ እንሰራት» ማለት። አንዳንዶቻችን ተቆጡን። አንዳንዶቻችን ራሳችን እረኞች ሆንን። የፈረሰውንም ካብ በሁለት ወር ደግፈን አቆምነው።

ዛሬ ከ20ው ችግኝ 17ቱ ቆመዋል። ቁመታቸው ገና ከጉልበታችን አይበልጥም፤ ከሥራቸው ጥላ የሚቀመጠውም እኛ አይደለንም። የአዳራሹ ጣሪያም አሁንም ያፈሳል፤ ይህን ልንሸሽጋችሁ አንወድም። ባሕር ዛፉን ከቅጽሩ ውጭ በታችኛው ወንዝ ዳር፣ ደብሩ በሚያከራየው መሬት ላይ እንዲተከል ለሰበካ ጉባኤው አመልክተናል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው።

እንግዲህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ ነፍሳችንም እንዲሁ ናት። በጥምቀት ተተክለናል፤ በሰንበት ትምህርት ቤት በከበሮና በዝማሬ ደስ ብሎናል። ነገር ግን በደረቁ ወራት ውኃ የሚያጠጣን ጸሎት፣ አረሙን የሚነቅልልን ንስሐ፣ ዙሪያችንን የሚከብልን ጾም ከሌለ፣ በሚያዝያ ቆጠራ ሲመጣ ምን እንገኛለን? የሚበሉንስ ፍየሎች ከሩቅ የመጡ ናቸው ወይስ በየቤታችን ያሳደግናቸው?

ሐዋርያው ጳውሎስ እርሱ እንደተከለ፣ አጵሎስ እንዳጠጣ፣ ያሳደገ ግን እግዚአብሔር እንደሆነ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፎላቸዋል (1ኛ ቆሮ. 3፥6)። የማሳደጉ ሥራ የእኛ ስላይደለ አንጨነቅ። የማጠጣቱ ሥራ ግን የእኛ ነው። የሚመጣው ቅዳሜ ተራ የደረሳችሁ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ከምንጩ ዘንድ ተገኙ፤ ባልዲም ይዛችሁ ኑ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።