መምህሩን ማን ያዳምጠዋል?

ሙያ የግል ሀብት ነው ወይስ አደራ? ሀብት ከሆነ ባለቤቱ እንደ ፈቃዱ ሊያካፍለው ወይም ሊቀብረው ይችላል። አደራ ከሆነ ግን ተቀባዩ ብቻውን የሚያዝበት አይደለም፤ በየጊዜው ሊመረመርበት ይገባል። ውድ አንባብያን፣ ጥያቄውን በሐኪም ወይም በዳኛ ሙያ ላይ ብናነሣው መልሱ ፈጥኖ ይገኛል፤ የሐኪም ስሕተት ሕይወት ያጠፋል፣ የዳኛ ስሕተት ፍትሕ ያጓድላልና። እኛ ግን ብዙ ሰው ልብ በማይለው ሙያ፣ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሙዚቃ በሚያስተምር መምህር ላይ ልናነሣው እንወዳለን።

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ከተማ፣ ማክሰኝትን እናስብ። እንደዚህ ባለች ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ሒሳብ ወይም አማርኛ የሚያስተምር መምህር ሲቸገር የሚጠይቀው ባልደረባ አያጣም። ሙዚቃ ግን ብዙ ጊዜ ለአንድ ሰው የሚተው ትምህርት ነው፤ እርሱም ምናልባት በሌላ ትምህርት ሠልጥኖ ክፍለ ጊዜውን እንዲሸፍን የተመደበ ይሆናል። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ትምህርቱ በመጀመሪያዎቹ 4 ክፍሎች ከሥዕልና ከሰውነት ማጎልመሻ ጋር ተዋሕዶ ይሰጥ ነበር፤ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ «የክወናና የዕይታ ጥበባት» ተብሏል። ስሙ ሲለዋወጥ የመምህሩ ብቸኝነት ግን አልተለወጠም።

ብቸኝነቱ የሚያስከትለውን ጉዳት በአንድ ምሳሌ እንመልከት። ጎልማሳው መምህር መዝሙሩን ለራሱ ጉሮሮ በሚስማማው ወፍራም ድምፅ ይጀምራል። የልጆች ድምፅ ቀጭን ነውና ወደዚያ ዝቅታ ሊወርድ አይችልም፤ ከፊሎቹ ያጉረመርማሉ፣ ከፊሎቹ ይጮኻሉ። መምህሩም «እነዚህ ልጆች ጆሮ የላቸውም» ብሎ ይፈርዳል። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የሚያዳምጥ ባልደረባ ቢኖር «ጥቂት ከፍ አድርገህ ጀምር» ባለውና ነገሩ በቀና ነበር። ዓይን ራስዋን እንደማታይ ሁሉ፣ የሚያዜም ሰውም ራሱን በሌላ ሰው ጆሮ ሊሰማ አይችልም። በ7 ዓመቱ «ድምፅ የለህም» የተባለ ልጅ ደግሞ ቃሉን አምኖ ዕድሜውን ሙሉ ሳይዘምር ሊኖር ይችላል።

አባቶቻችን ይህን ችግር ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። የድጓ ተማሪ ትምህርቱን በየትኛውም ደብር ቢማር፣ በሙያው ለመመስከር በጋይንት ወደምትገኘው ቤተ ልሔም ይሄዳል፤ በዚያ በመምህሩ ፊት ያዜማል፤ የሳተውም ይታረማል። ለዝማሬና ለመዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ጎንደር እንዲሁ የታወቁ ናቸው። የዜማው ምልክት እንኳ በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተደራጀ ትውፊቱ ይነግረናል፤ የሁለት ሰዎች እንጂ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ቅዱስ ያሬድ የደረሰው የግዕዝ፣ የዕዝልና የአራራይ ዜማ እስከ ዛሬ የቆየው እያንዳንዱ መምህር ጆሮው የሰላ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም፤ አንዱ በሌላው ፊት ቆሞ የሚታረምበት ስፍራ ስለ ነበረም ነው።

የዘመናዊው ትምህርት ሰዎችም ወደዚሁ አሳብ ደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1953 ዓ.ም. በብራስልስ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የሙዚቃ ትምህርት ማኅበር መምህራንን ከየአገሩ ያሰባስባል፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. ጉባኤውን በደቡብ አፍሪካ፣ በፕሪቶሪያ አድርጓል። በአገራችንም መምህራን በየዓመቱ ለሙያ ማሻሻያ 60 ሰዓት እንዲያውሉ መመሪያው ያዛል፤ ትምህርት ቤቶችም በጉድኝት ማዕከል ተሰባስበዋል። የጎደለው ምንድን ነው? የሙዚቃው መምህር በእነዚህ ስብሰባዎች የሙያ ጓደኛውን እምብዛም አለማግኘቱ ነው።

አንዳንዶች «ጉባኤ ለውሎ አበል የሚኬድበት ነው፤ ልጆቹም ያለ መምህር ይቀራሉ» ይላሉ። ነቀፋው ከእውነት የራቀ አይደለም። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» የሚለው ተረት በስብሰባም ይሠራል። ነገር ግን ነቀፋው የሚነካው የጉባኤውን አያያዝ እንጂ ግዴታውን አይደለም። ውሎ አበል ባይኖር የማይደረግ ስብሰባ ለመምህሩ ጥቅም የታሰበ ነበር፤ ያለ አበልም የሚደረገው ግን ለልጁ የታሰበ ነው። ከአራት ትምህርት ቤቶች አራት መምህራን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢገናኙ፣ እያንዳንዱ ልጆቹ በሰፈራቸው የሚጫወቱትን አንድ ዜማ ይዞ ቢመጣና በሌሎቹ ፊት ቢያስተምረው፣ አንዱን ይዞ የመጣ አራት ይዞ ይመለሳል፤ ስሕተቱንም በወዳጅ አፍ ይሰማል። ለዚህ አዳራሽም በጀትም አያስፈልግም።

እርግጥ ነው፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ መንገዱም ለብዙዎች የሚያሰጋ ሆኗል። ሕይወቱን ለአደጋ አጋልጦ ወደ ስብሰባ ይሂድ ብሎ ማንንም ማስገደድ አይገባም፤ ግዴታ በዓቅም ይለካልና። ሆኖም መንገድ በተዘጋበት ቀን በአንድ ግቢ ያለው የአማርኛ መምህር ለ20 ደቂቃ ከኋላ ተቀምጦ ቢያዳምጥ የጉባኤው ፍሬ ነገር ይገኛል። ዋናው የስብሰባው ስፋት አይደለም፤ «ስማኝና አርመኝ» ለማለት መድፈር ነው።

እንግዲህ ሙያ አደራ ነው ካልን፣ መታረም ለመምህሩ ውርደት፣ ማረምም ለባልደረባው ጣልቃ ገብነት ሊመስለን አይገባም። ሁለቱም ለአንድ ልጅ የሚከፈሉ ዕዳ ናቸው። መምህሩ ዘንድሮ የተሳሳተውን በሚመጣው ዓመት በሌሎች ልጆች ሊያስተካክል ይችላል፤ ዘንድሮ በፊቱ የተቀመጠው ልጅ ግን አንደኛ ክፍልን ዳግመኛ አይማረውም።