አስቀድሞ ያወቀ ሰው ዕዳ

በኅዳር ወር፣ ጤፉ ታጭዶ ነዶው በየማሳው ተኝቶ ሳለ፣ ሰማዩ ድንገት ጠቍሮ ሁለትና ሦስት ቀን ሳያባራ ቢዘንብ የገበሬው የዓመት ድካም ከንቱ ሆኖ ይቀራል። ያልታጨደው ይጋሸባል፤ የታጨደው ከነዶው ሳይወጣ ይበቅላል፤ ነጩ ጤፍ መልኩ ጠቍሮ በገበያ ዋጋው ይወድቃል፤ ለከብት መኖ የሚሆነው ጭድ እንኳ ይሻግታል። ይኸው ዝናብ በሐምሌ ወር ወርዶ ቢሆን ኖሮ በረከት ነው ተብሎ ምስጋና በቀረበለት ነበር። እንግዲህ ክፋቱ በጊዜው ነው እንጂ በውሃው አይደለም። ጊዜን ደግሞ ከሶ ከዳኛ ፊት የሚያቆመው የለም። ስለዚህ «ሰኔና ሰኞ ገጠመበት» እንላለን፤ ከንፈራችንንም መጥጠን እናልፋለን።

ነገሩ ግን በዚህ ያበቃልን? እኔ እንደሚመስለኝ ሰማይ ባመጣው ጉዳት ሰው የሚጠየቅበት ጊዜ አለ፤ ይኸውም ጉዳቱን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ሲኖር ነው።

የጥንቱ ገበሬ የዓመቱን ጠባይ ለመረዳት ዘመኑ የማቴዎስ ወይም የማርቆስ፣ የሉቃስ ወይም የዮሐንስ መሆኑን ይጠይቅ ነበር፤ የነፋሱን አቅጣጫና የደመናውን መልክ ይመለከት ነበር። ይህን መናቅ አይገባም፤ በብዙ ዘመን የተጠራቀመ ማስተዋል አለበትና። ሆኖም ዕውቀቱ የሁሉም ስለ ነበረ፣ ከጎረቤቱ አብልጦ አውቆ ዝም አለ ተብሎ የሚወቀስ ሰው አልነበረም። ዛሬ ግን ዕውቀቱ ተከፍሏል። በ1973 ዓ. ም. የሜትሮሎጂ አገልግሎት ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ሆኖ ከተቋቋመ ወዲህ የበጋው፣ የበልጉና የክረምቱ ትንበያ እየተጠና ይወጣል። በሩቁ የፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ውሃው ከወትሮው ሲሞቅ፣ ኤልኒኖ የሚሉት ማለት ነው፣ የሰሜኑ አገራችን የክረምት ዝናብ ብዙ ጊዜ እንደሚመነምን የታወቀ ነገር ሆኗል። ያን ውሃ ያላየው የሰቆጣ ገበሬ ግን እንደ ወትሮው ሞፈሩን ይጠርባል፣ ዘሩንም ይለቅማል። በወንበር ላይ ያለው ያውቃል፤ በማሳ ላይ ያለው አያውቅም።

ዕውቀት እንዲህ መከፈሉ ምን እንደሚያስከፍል ድሬዳዋ አይታለች። በሐምሌ 1998 ዓ. ም. መጨረሻ፣ በአንዲት ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ የተኛውን ሕዝብ ጠርጎ ሲወስድ ከ2 መቶ በላይ ሰዎች ሞቱ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ሰው በእግሩ የሚሻገረው ደረቅ አሸዋ ነው። ጎርፉም የተጠራቀመው ከከተማይቱ በላይ ካለው የሐረርጌ ደጋ ነው። ከላይ ያለው ሰው ዝናቡን ሲያየው ከታች ያለው እንቅልፍ ላይ ነበር።

«እንግዲያው መናገር ነው» የሚል ይኖራል። መናገርስ ተነግሮ ነበር። በመጋቢት 1976 ዓ. ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ለረኀብ መጋለጡን ለለጋሾች አመልክቷል። በአገር ውስጥ ግን በመስከረም የሚከበረው የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ዝግጅት በለጠበት፤ የውጭው ዓለምም ጆሮውን የሰጠው በጥቅምት 1977 ዓ. ም. የኮረም ሥዕል በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። ቀደም ብሎ በ1965 ዓ. ም. በወሎ የደረሰው ችግር ደግሞ ይፋ እንዲወጣ እንኳ አልተፈለገም። ደስ የማያሰኝ ወሬ ይዞ ወደ አለቃ መግባት በሚያስፈራበት አገር ሁሉ ድርቅ ወደ ረኀብ ለመለወጥ ብዙ አይዘገይም።

ከዚህ ይልቅ የሚያስቸግረው ግን ክፉ ያልሆነው ሰው ጉዳይ ነው። አንድ የወረዳ የግብርና ሹም እናስብ። በጥቅምት ወር የበጋው ትንበያ ይደርሰዋል። ትንበያው እንደ ነቢይ ቃል «ይዘንባል» አይልም፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች ብሎ ለሦስቱም ዕድል ያካፍላል። ለብዙው ዝናብ ከመቶ 45 ሰጠ እንበል። ሹሙ «እጨዱ» ቢል ገበሬው ገና ያልበሰለውን ጤፍ ያጭዳል፤ ፍሬውም ይቀጭጫል፤ ዝናቡ ሳይመጣ ቢቀር ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት የሚሰማው አያገኝም። ዝም ቢልና ዝናቡ ቢመጣ ግን ማንም ላይወቅሰው ይችላል፤ ዝናብ የሰማይ ነውና። የመናገር ስሕተት ባለቤቱ ይታወቃል፤ የዝምታ ስሕተት ባለቤት የለውም። ብልህ የሚባለው ሹም ብዙ ጊዜ ዝምታን የሚመርጠው ስለዚህ ነው። ከእርሱ የበለጠ ብልህ የሆነው ደግሞ ደብዳቤ ጽፎ፣ ቍጥርና ቀን ሰጥቶ፣ ማኅተም አሳርፎ ግልባጩን በመዝገብ ያኖራል። ዝናቡ ሲመጣ «ተናግሬ ነበር» ይላል። እውነቱን ነው፤ ተናግሯል። ነገር ግን የተናገረው ለማን ነው? አንዲት ማጭድ ብቻ ላላት፣ ልጆቿ ከተማ ለገቡባት፣ ደቦ ጠርታ የምታጠጣው ጠላ ለሌላት መበለት «ፈጥነሽ እጨጂ» ማለት ምክር ነውን? ወይስ ጥፋቱን ከራስ ጫንቃ አውርዶ በእርሷ ላይ መጫን ነው? ሁለተኛው ይመስለኛል። ማድረግ ለማይችል ሰው መንገር የተናጋሪውን ኅሊና ያሳርፍ እንደ ሆነ እንጂ የሰሚውን ነዶ አያነሣም።

በኦሪት ዘፍጥረት የምናነበው ዮሴፍ፣ ሰባት የጥጋብና ሰባት የረኀብ ዓመት ይመጣል ብሎ ቢያቆም ኖሮ ሕልም ፈቺ ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር። እርሱ ግን የምርቱ አምስተኛ እጅ ይከማች ብሎ ጨመረበት፤ ሥራውንም ራሱ ተሸከመው። እህሉ የተሰበሰበው ከምድሪቱ ሁሉ ስለ ሆነ፣ ትንበያው ቢስት ኖሮ ኪሣራው በአንድ ገበሬ ላይ አይወድቅም ነበር። በኋላ ሕዝቡ ያንኑ እህል ለመግዛት መሬቱን ለፈርዖን አሳልፎ መስጠቱ ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም ቢሆን ሊታሰብበት ይገባል።

በእኛም አገር፣ በ2008 ዓ. ም. ኤልኒኖ ባመጣው ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው በታኅሣሥ ወር ይፋ ተደርጎ ነበር። የችግረኛው ቍጥር ከ1977ቱ አያንስም፤ የእልቂቱ መጠን ግን ፈጽሞ አይመሳሰልም። ሰማዩ አልራራም፤ ነገር ግን ከ1997 ዓ. ም. ጀምሮ የተዘረጋው የሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ የተከማቸ እህልና የሚያደርስ መንገድ ነበረ።

ዕውቀቱ ከሠራተኛው እጅ አጠገብ ካልቆመ ደግሞ ደግነት ራሱ ይጎዳል። በሐምሌ 2016 ዓ. ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬት ተንዶ ሰዎችን ሲቀብር ጎረቤቶቻቸው ሊያወጧቸው ሮጡ፤ ሁለተኛው ናዳ እነርሱንም ቀበራቸው። ሟቾቹ ከ2 መቶ በላይ ነበሩ። እነዚህን «አላሰቡም» ብሎ የሚወቅስ አፍ አይኑር። የራሰ ተራራ ዳግመኛ ሊናድ እንደሚችል ማሰብ የሚገባው፣ ይህን ለማወቅ የተማረው ሰው ነው።

ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ በሚያሠጋባቸው ዓመታት ተማሪዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ሰብል ለመሰብሰብ ወደ ገጠር ሲወጡ እናያለን። አንዳንዱ ሰው ለፎቶግራፍ ነው ይላል፤ ሁልጊዜም ሐሰት አይደለም። ማጭድ ያልለመደ እጅ ብዙ ፍሬ ያራግፋል፤ ገበሬውም እንግዳውን አፍሮ ዝም ይላል። እንዲህ ያለው እንግዳ አጨዳውን ለሚችሉት ትቶ ነዶ ቢሸከም ይሻላል፤ በመጀመሪያም የመበለቲቱ ማሳ የትኛው እንደ ሆነ ይጠይቅ። ክምሩንም ሸራ ያልብስላት። ዝናቡ ሳይመጣ ቢቀር ጤፉ ከሸራው ሥር ሆኖ ውቂያውን ይጠብቃል።