ወባ፣ ብርድ፣ ማድያት፣ ቲቢ

እህቴ የምትኖረው አሶሳ ነው። ትኩሳቷን ወባ አልነው። ጠዋት ጠዋት የሚያብጡትን ጣቶቿን ብርድ አልናቸው። ፊቷ ላይ የወጣውን ጥቁረት እሷው ራሷ «ማድያት ነው» ብላ ቅባት ትቀባው ነበር። በመጨረሻ ደረቅ ሳል መጣ፤ ከገበያ ስትመለስ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። የአክታ ምርመራው ነጻ ቢላትም ራጇ ላይ ጥላ ስለታየ የ6 ወር የቲቢ መድኃኒት ተጀመረላት።

«ይሄ መድኃኒት የኔን ህመም አያውቀውም» ትለኝ ነበር በስልክ። እኔ አዲስ አበባ ላፕቶፔ ፊት ተቀምጬ፦ «እትዬ፣ እንዳታቋርጪ!»

በአምስተኛው ወር ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ መጣች። አንዲት ሐኪም ጣቱንም፣ ፊቱንም፣ ሳሉንም አንድ ላይ ጠየቀቻት። ደም፣ ሽንት፣ የደረት ሲቲ ስካን። ሉፐስ ነው፤ ሳንባዋንም ይዞታል።

ሉፐስ የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን ሲዋጋ የሚመጣ በሽታ ነው፤ ከ10 ታማሚ 9ኙ ሴቶች ናቸው። ሳንባ ላይ ሲወጣ ሽፋኑን ያስቆጣል፣ ያኔ በረጅሙ ሲተነፍሱ ይወጋል፤ ወይም ውስጡን እያጠበቀ ጠባሳ ያደርገዋል። ብቻውን የሚፈርድ ምርመራ የለውም። ኤኤንኤ የሚባለው የደም ምርመራ ጤነኛ ሰው ላይም ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። በ2019 ለጥናት የወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት እንኳ ኤኤንኤን መግቢያ በር ብቻ አድርጎ ምልክቶችን በነጥብ ይደምራል። መጽሐፍ ላይ ያለው ቀይ «ቢራቢሮ» ደግሞ ጠይም ፊት ላይ ብዙ ጊዜ ይጠቁራል። ማድያታችን እሱ ነበር!

የመጀመሪያውን ሐኪም ልወቅሰው ፈልጌ አልቻልኩም። ቲቢ በበዛበት አገር ቲቢን ማስቀደም ብዙ ሰው ያድናል። ቲቢ ያለበትን ሰው ሉፐስ ነው ብሎ መከላከያውን የሚያዳክም መድኃኒት መስጠትም ሊገድል ይችላል። እኔም ኮድ ስጽፍ ብዙውን ተጠቃሚ የሚያስኬደውን መንገድ ነው የማስቀድመው። ግን የዚህ ዓይነት ሕግ ጥቅሙ ለብዙ ሰው ይደርሳል፣ ዕዳው አንድ ሰው ላይ ይወድቃል። ያ ሰው «አልተሻለኝም» ሲል ጥያቄው እንደገና ሊከፈትለት ይገባል ብዬ አምናለሁ። ፕሮግራሜ ስህተት ሲልክልኝ ሌሊትም ቢሆን ተነስቼ አያለሁ። እሷ አምስት ወር ሙሉ ነግራኛለች። መገመቱ ጥፋት አይመስለኝም፤ እንዳታቋርጪ ያልኩበት ድምፄ ግን እስካሁን ይከነክነኛል።

ከታዘዙላት አንዱ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ነው፣ የወባው ክሎሮኪን ዘመድ። ስነግራት «ለዚህ ነው ከአሶሳ ድረስ ያስመጣኸኝ? እኛ ጋ መች ጠፋ!» ብላ ሳቀች። ስቃ ሳትጨርስ ሳሏ መጣ።