ሰባት ቤት

በጉዲፈቻ ሄዳችሁ በባዕድ አገር አድጋችሁ፣ ለዲ ኤን ኤ ምርመራ ምራቃችሁን በብልቃጥ ልካችሁ፣ ከሳምንታት በኋላ «ወንድም አለሽ» ወይም «የአጎት ልጅ አለህ» የሚል መልስ የደረሳችሁ ልጆቼ ሆይ፣ ይህን ምክር የምጽፍላችሁ ከፍኖተ ሰላም ነው። እኔ ባደግሁበት በምዕራብ ጎጃም ልጅ ፊደል ሳይቆጥር አስቀድሞ ዘሩን መቁጠር ይማር ነበርና፣ እናንተ በስንት ድካም የፈለጋችሁትን እኛ በእንቅልፍ ልባችን የተቀበልነው ስለ ሆነ፣ ዝም ማለት ዕዳ መስሎ ታየኝ።

የጎጃም ገበሬ ርስቱን የሚካፈለው በአባቱም በእናቱም ወገን እስከ አቅኚው አባት ድረስ ቆጥሮ ስለ ነበር፣ ሐረገ ትውልዱን የዘነጋ ሰው መሬቱንም ያጣ ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ የገጠሩን መሬት የሕዝብ ካደረገው ወዲህ ግን ቆጠራው ለጋብቻ ቀረ፤ ሽማግሎች እስከ ሰባት ቤት ሳይቆጥሩ አይድሩምና። የቡሬው አያቴ መደብ ላይ ተቀምጠው የግራ እጃቸውን ጣቶች አንድ በአንድ እያጠፉ ሲቆጥሩ ከአምስተኛው ጣት በኋላ ድምፃቸው ዝግ ይል ነበር፤ ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ስም ሲጠሩማ፣ ሙታኑ ከደጅ የገቡ ይመስል፣ ጋቢያቸውን ሰብሰብ ያደርጉ ነበር።

ምርመራውን አላቃልልም፤ ከእናት እኩሌታውን፣ ከአባት እኩሌታውን እንደምንወርስ አይቶ፣ በውቅያኖስ ማዶና ማዶ ያደጉ ወንድምና እኅትን የሚያገናኝ ጥበብ ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን የሚያገናኘው ሁለቱም ወገን ምራቅ ሲሰጡ ብቻ ነው፤ በርበሬ ስትለቅም የምትውል የቡሬ እናት ደግሞ ብልቃጡን አታውቀውም። ሩቅም አያይ፤ በምንዝላት ከሚገናኙ ዘመዶች ከዐሥሩ አንዱን ያህል ይስታል፣ በሰባተኛው ቤት የሚገናኙትን አብዛኞቹን አያገኛቸውም። ደም የረሳውን የሚያስታውስ አፍ እዚህ አለ፣ ግን አርጅቷል፤ ስለዚህ ፍጠኑ።

ለመምጣት ፍጠኑ እንጂ ለመፍረድ አትፍጠኑ። ከ1991 ዓ.ም. ወዲህ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15,000 በላይ የኢትዮጵያ ልጆች በጉዲፈቻ ሄደዋል፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻን እስኪከለክል ድረስ በመካከል የገባው ደላላ በስንቱ ወረቀት ላይ ሐሰት ጽፏል! እናቱ በሕይወት ሳለች ሞታለች የተባለለት ልጅ አለ፤ ተምሮ ይመለስልኛል ብላ ጣቷን በቀለም ነክራ የፈረመች እናትም አለች። «ለምን ሰጠሽኝ?» የሚለው ጥያቄ የተገባ ነው፤ ሆኖም ቡና ሳይፈላ፣ በጎረቤት ፊት፣ በመጀመሪያው ቀን አይጠየቅም።

ያሳደጓችሁንም አትካዱ። አባቶቻችን በጡት፣ በማር ቃል ኪዳን ልጅ ያደርጉ ነበር፤ በጥምቀት የምናገኘውም ልጅነት የጸጋ ልጅነት ነው።

እናንተም በአገር ያላችሁ ወጣቶች፣ እንግዳ ሆኖ የመጣውን ወንድማችሁን ስለ ዶላር አትጠይቁት፤ ከጎኑ ተቀመጡና ዘሩን ቁጠሩለት።

እናንተ ከባዕድ አገር የምትመጡ ልጆቼ፣ መንገዳችሁ ከዋናው አስፋልት ወጥቶ ወደ ገጠሩ ሲገባ፣ ከደላላ ይልቅ የታመነ አስተርጓሚ ይዛችሁ ሂዱ። እናታችሁ ስታገኛችሁ ጉንጫችሁን፣ ጆሯችሁን፣ የሕፃንነት ጠባሳችሁን በጣቷ ትፈልግ ይሆናል፤ ተዉአት፣ ታንብበው። እንባው ሲበርድ፣ ወንድ ብትሆኑ በ40ኛው፣ ሴት ብትሆኑ በ80ኛው ቀን የተሰጣችሁን የክርስትና ስም ጠይቋት፤ በጉዲፈቻ ወረቀታችሁ ያልተጻፈ፣ በምራቃችሁም የማይገኝ፣ እርሷ ግን ይህን ሁሉ ዓመት በጸሎቷ ስትጠራው የኖረችው ስም ነው።