ጠቋሚና መሪ

የሰው ልጅ በማያውቀው አገር ሲጓዝ በሌላው ዕውቀት ሳይተማመን አይሆንለትም። ስለዚህ መተማመን ይገባል ወይስ አይገባም ብሎ መከራከር ከንቱ ነው። ቁም ነገሩ፣ የተማመኑበት ነገር ሲሳሳት የስሕተቱ ዕዳ በማን ትከሻ ላይ ያርፋል የሚለው ነው።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ይህ ጥያቄ የዕለት ኑሮ ነው። አገሩ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከጉና ተራራ እስከ ዓባይና በሽሎ ሸለቆዎች የሚወርድ፣ ደጋና ቆላው በገደል የተለያየ ነው። ማዶ ለማዶ የሚተያዩ ሁለት መንደሮች በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ሊራራቁ ይችላሉ። በእንዲህ ያለው አገር መንገድ የተጠየቀ ገበሬ አቅጣጫ አሳይቶ ብቻ አያሰናብትም። እንግዳው ከየት እንደ መጣና የት እንደሚያድር ይጠይቃል፤ ወንዙ መሙላቱን፣ ቁልቁለቱ መናዱን ይነግራል። አብሮ ከሄደ ደግሞ መሪ ይሆናል፤ ይኸውም እግሩን የሚያሳርፈው እንግዳው በሚያሳርፍበት ድንጋይ ላይ ነው። ቢሳሳት አብሮ ይወድቃል፤ ቢያታልል ስሙ በአገሩ ይጎድፋል። «ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ» የሚለው ብሂል የሚያመሰግነው ዕውቀቱን ብቻ ሳይሆን ይህንን የዕጣ አንድነት ጭምር ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ መንገዱ በእጅ የሚጠረግ ነበር። ጉዞው ወራት ፈጀ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ከሠራዊታቸው ጋር በመንገዱ ሥራ በገዛ እጃቸው ደከሙ። የጉዞው ፍጻሜ ምንም ይሁን ምን፣ መንገዱን የመረጡት ሰው ዋጋውን በጉልበታቸው ከፍለዋል።

ዛሬ የመሪውን ቦታ ጂፒኤስ ይዞታል። ይህ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የተጀመረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1983 መንገዱን የሳተ የደቡብ ኮሪያ የመንገደኞች አውሮፕላን በሶቭየት ኅብረት ተመትቶ 269 ሰዎች ካለቁ በኋላ ለሲቪል አገልግሎት እንደሚውል ተገለጸ። ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚዞሩ ሳተላይቶች ጊዜን በሬዲዮ ሞገድ ይልካሉ፤ መሣሪያውም ቢያንስ የአራቱን ምልክት አነጻጽሮ ያለበትን ሥፍራ ያሰላል። ሆኖም ሳተላይቱ ስለ መንገዱ የሚያውቀው የለም። መንገዱን የሚያሳየው ካርታው ነው፤ ካርታውም በሰው እጅ የተሠራ፣ እንደ ሠሪው የሚጎድል ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠ ጊዜ የሳተላይቱ ምልክት መውረዱን አላቆመም፤ አስቀድሞ ያልተጫነ ካርታ ግን በስልክ ላይ ሊገኝ አልቻለም።

መኝታና ምድጃ በተገጠመለት መኪና ቤተሰቡን ይዞ ከባሕር ዳር በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አድርጎ ወደ ላሊበላ የሚያቀና መንገደኛ፣ ወደ ስማዳ ልታጠፍ ቢል መሣሪያው አጭሩን መሥመር ይስልለታል። መሥመሩ ግን የክረምቱን ጎርፍ አያይም። መኪናው በጭቃ ቢያዝ መሣሪያው አይቆሽሽም፤ ልጆች ቢራቡ አያፍርም። ጠቋሚ እንጂ መሪ አይደለምና።

መሣሪያውን ማንቋሸሽ ግን ፍትሐዊ አይሆንም። ሰውም ይሳሳታል፤ አንዳንዱም እንግዳን ያታልላል። ጂፒኤስ ደሀና ባለጸጋ ሳይለይ፣ በጨለማም በጉምም ያገለግላል፤ ብቻውን የቀረ ሰው ያለበትን ሥፍራ ተናግሮ ርዳታ እንዲጠራ ያስችላል። ይህ የሰው ልጅ የሥራና የዕውቀት ድል ነው። ነውሩ በመሣሪያው መጠቀም ሳይሆን፣ «እሱ ነው የመራኝ» ብሎ ኃላፊነትን ኅሊና በሌለው ነገር ላይ መጣል ነው።

ከሰው መሪ ጋር ኃላፊነት ይከፈላል፤ ከመሣሪያ ጋር ግን ሙሉ በሙሉ ወደ ያዥው ይመለሳል። በመሆኑም መሣሪያው በተሻሻለ ቁጥር የተጠቃሚው ግዴታ የሚቀል የሚመስለው በስሕተት ነው። ተማሪውን የሚያስተምር፣ ሕዝብን የሚያስተባብር፣ ቤተሰቡን በመኪና የሚያጓጉዝ ሁሉ ከሌላ ምንጭ ባገኘው አቅጣጫ ሊጠቀም ይችላል፤ ለተከተሉት ሰዎች መልስ የሚሰጠው ግን እርሱ ራሱ ነው። እንግዲህ አስተዋይ መንገደኛ ስልኩን ይመለከታል፤ ከወንዙ ዳር ሲደርስ ግን ከመኪናው ወርዶ፣ በጉንም የሚጠብቀውን እረኛ ሰላም ብሎ፣ ውኃው ይሻገሩበት እንደ ሆነ ይጠይቃል።